አዲስ ሞዴል ወጣ ሲባል ምኑ ነው አዲሱ?

የእህቴ ልጅ ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ስልኳን ይዛ መጣች። መኪና ልትገዛ ነው። ስድስት ዓመት ዕቁብ ጥላ፣ ከመምህርነት ደመወዟ ቆንጥራ ያጠራቀመችው ብር አሁን ለአንዲት ቪትዝ ደርሷል። ስልኳ ላይ የሁለት መኪኖች ፎቶ አለ፤ ሁለቱም ቪትዝ፣ ሁለቱም ነጭ። አንደኛዋ አፏ ጠበብ፣ ዓይኗ ለዘብ ያለ ነው። ሁለተኛዋ አፏ ሰፍቶ መብራቷ ሾል ብሏል፤ ዋጋዋም ከፍ ይላል።

«ጋሼ፣ ይቺኛዋ አዲሱ ሞዴል ናት። ደላላው ሁለመናዋ ተቀይሯል ብሎኛል» አለችኝ።

ፎቶዎቹን እያቀያየርኩ ደጋግሜ አየኋቸው። የበሮቹ ቅርጽ አንድ ነው። የጎን መስኮቶቹ አንድ ናቸው። ጣራው ከፊት መስታወቱ ተነስቶ ወደ ኋላ የሚወርድበት መስመርም አንድ ነው። የተለየው መብራቱና ፓራውልቱ ነው። «ነይ ቁጭ በይ» አልኳት፤ «ይሄ ሳይገባሽ ብር አትቆጥሪም።»

ከፊታችን ያለውን ረከቦት አሳየኋት። ስኒዎቹን ባለ አበባ ብታደርጊያቸው፣ ጀበናውን ብትለውጪው፣ ቤት የመጣ እንግዳ «አዲስ ረከቦት ገዛችሁ?» ሊል ይችላል። ረከቦቱ ግን ያው ነው፤ እግሩ ይነቃነቅ ከነበረ አሁንም ይነቃነቃል። የመኪና «አዲስ ሞዴል» የሚባለውም እንዲሁ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ስኒ መለወጥ ነው፦ መብራት፣ ፓራውልት፣ የወንበር ልብስ፣ የዳሽቦርድ ጌጥ። ሁለተኛው ረከቦቱን ራሱን ከእንጨቱ ጀምሮ እንደገና መሥራት ነው። በየማስታወቂያው ሁለቱም «አዲስ» ይባላሉ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው።

ታዲያ የመኪና ረከቦቱ ምኑ ነው? የጭነት መኪናው አይሱዙ ላይ ሻንሲው ራሱን የቻለ ነው፤ ሁለት ረጃጅም ብረቶች ከፊት እስከ ኋላ ተዘርግተው ጋቢናውና ጭነቱ ከላይ ይቀመጥባቸዋል። ቪትዝን በመሰሉ ትንንሽ መኪኖች ውስጥ እንዲህ ያለ የተለየ ብረት የለም። ወለሉ፣ የጎን ምሰሶዎቹና ጣራው ተበይደው አንድ ሣጥን ይሆናሉ፤ መኪናዋን የሚሸከመው ራሱ ሣጥኑ ነው። የሣጥኑ የታችኛው ክፍል፣ ሞተሩ የሚቀመጥበት፣ ጎማውና ሞላው የሚታሰሩበት ወለል፣ ፕላትፎርም ይባላል። ረከቦት ያልኩት ይሄንን ነው።

ቪትዝ በጃፓን ለገበያ የቀረበችው እ.ኤ.አ. በጥር 1999 ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ፣ ካልገለጽኩ በስተቀር፣ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ቅርጿን የነደፈው በቶዮታ የአውሮፓ የዲዛይን ክፍል ይሠራ የነበረው ግሪካዊው ሶቲሪስ ኮቮስ ነው። አውሮፓ ላይ ያሪስ ተብላ ተሸጠች፤ የ2000 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላም ተመረጠች። ሁለተኛዋ ትውልድ በ2005፣ ሦስተኛዋ በ2010 መጨረሻ መጡ። አራተኛዋ በጥቅምት 2019 ለዕይታ ቀርባ በየካቲት 2020 ጃፓን ውስጥ መሸጥ ስትጀምር፣ ቪትዝ የሚለው ስም በጃፓን ተቀበረና በዚያም ያሪስ ሆነች።

ከትውልድ ወደ ትውልድ ምን እንደተለወጠ በሜትር መለካት ይቻላል። ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል ያለው ርቀት በመጀመሪያዋ 2.37 ሜትር ነበር። በሁለተኛዋ 2.46፣ በሦስተኛዋ 2.51፣ በጃፓኗ አራተኛ 2.55 ሆነ። እንዲህ ዓይነቱን ርቀት ፓራውልት በመቀየር ማስረዘም አይቻልም። የወለሉ ብረት ራሱ እንደገና ካልተቀረጸ ጎማዎቹ አይራራቁም። ሦስተኛዋ ከሁለተኛዋ የወለል አሠራር ብዙ ወርሳለች፤ አራተኛዋ ግን ጂኤ-ቢ በሚባል ፍጹም አዲስ ወለል ላይ የተሠራች የመጀመሪያዋ መኪና ናት። ይሄው ወለል በኋላ ያሪስ ክሮስንና የ2021ዋን አኳን ተሸክሟል።

በመሐል ደግሞ ስኒ ብቻ የተለወጠባቸው ጊዜያት አሉ። ሦስተኛዋ ቪትዝ በ2014 አንዴ፣ በ2017 ሌላ ጊዜ ፊቷ ታድሷል። ለእውነቱ ያህል፣ በ2014 የጃፓኗ ባለ 1.3 ሊትር ሞተር ነዳጅ እንዲቆጥብ ተሻሽሏል፤ በ2017 ደግሞ በጃፓን ሃይብሪድ ተጨምሯል። እነዚህ እውነተኛ ለውጦች ናቸው። በሩ፣ ጣራው፣ ወለሉ ግን የ2010ሩ ነው። የእህቴ ልጅ ያሳየችኝ ሁለቱ መኪኖች እኅትማማች ሳይሆኑ አንዲት ሴት በሁለት ሹሩባ ናቸው።

ለምን ፊቱ ብቻ ይለወጣል? ምክንያቱ የቅርጽ ማውጫው ነው። የመኪና በር ዝርግ ላሜራ ነበር። ያንን ላሜራ በር የሚያደርገው፣ ከላይና ከታች ገጥሞ የሚጫነው ብዙ ቶን የሚመዝን የብረት ቅርጽ ማውጫ ነው፤ አንድ በርም በአንድ ምት አይጠናቀቅም፣ በተከታታይ ማውጫዎች ውስጥ እያለፈ ይታጠፋል፣ ይቆረጣል፣ ይበሳል። በሩን መለወጥ ማለት እነዚያን ሁሉ ማውጫዎች ጥሎ ሌላ መሥራት፣ ብየዳውን የሚሠሩትን ሮቦቶች እንደገና ማሰልጠን፣ መስታወቱንና የመስታወት ማውጫውን መለወጥ ነው። ፓራውልት ግን ፕላስቲክ ነው፤ ቀልጦ በአንድ ቅርጽ ውስጥ ይፈስሳል። መብራትም በቦታው ገብቶ በጥቂት ብሎን ይታሰራል። ስለዚህ ፋብሪካው በሦስትና በአራት ዓመቱ ፊቷን ያድሳል፤ ማውጫዎቹ ዋጋቸውን ከመለሱ በኋላ ሁሉንም ይለውጣል።

የፊት ዕድሳትን ከእውነተኛ አዲስ ሞዴል ለመለየት ታዲያ ጎኗን ማየት ይበቃል። በሩ፣ የጎን መስኮቱና የጣራው መስመር ከቀድሞው ጋር አንድ ከሆነ መኪናዋ ያቺው ናት።

እዚህ ላይ የእህቴ ልጅ አቋረጠችኝ። «እሺ፣ ፕላትፎርሙ ቢለወጥስ? ለእኔ ምን ይጠቅመኛል? መሄድ አይደል የምፈልገው?» ጥያቄዋ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱን ለማሳየት ጓዳ ገብቼ የጫማ ካርቶን አመጣሁ።

ካርቶኑን ከነክዳኑ በሁለት እጇ ይዛ እንድትጠመዝዘው ነገርኳት። እንቢ አለ። ክዳኑን አነሳሁትና እንደገና ጠምዝዢው አልኳት። በቀላሉ ተጣመመ። ከኋላዋ ትልቅ በር ያላት ትንሽ መኪና ችግሯ ይሄ ነው። ጣራው ላይ ታስሮ ወደ ላይ የሚከፈተው የኋላ በር ለጤፍ ኩንታልም ለሕፃን ጋሪም ይመቻል፤ ነገር ግን ሣጥኑን ከኋላው ክፍት ያደርገዋል። ሣጥን ከተጣመመ በጎርባጣ መንገድ ላይ በሮች ይንጫጫሉ፣ ጎማ መሬቱን በደንብ አይዝም፣ መሪ ስታዞሪ መኪናዋ ዘግይታ ትሰማለች። የመሐንዲሶቹ ትግል በሩን ሳያጠቡ ሣጥኑን ማጠንከር ነው። በበሩ ዙሪያ እንደ ቀለበት የሚዞር ጠንካራ ብረት ያስገባሉ፤ ብየዳውን ያበዛሉ፤ ተራ ብረት የነበረበትን ቦታ በጣም ጠንካራና ቀጭን በሆነ ብረት ይተካሉ። ቶዮታ ለ2020ዋ ያሪስ ያሳወቀው ቁጥር ይሄንን ያሳያል፦ ሰውነቷ ከቀድሞዋ ከ30 በመቶ በላይ ለመጣመም ያስቸግራል፣ ክብደቷ ግን በ50 ኪሎ ግራም ያህል ቀንሷል፣ የክብደቷ ማዕከልም 15 ሚሊ ሜትር ወደ መሬት ወርዷል። ቀላልና ጠንካራ በአንድ ላይ። እውነተኛ አዲስ ሞዴል ማለት ለእኔ ይሄ ነው።

ስለ ሣጥኑ ካነሳሁ አይቀር ስለ ሞተሩ አቀማመጥ አንድ ነገር ልበል፤ እኛን የሚነካ ታሪክ ነውና። በዕድሜ ገፋ ያላችሁ አንባቢዎች ሴይቼንቶን ታስታውሳላችሁ፤ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ሆና አዲስ አበባን ያመላለሰችው ፊያት 600 ናት። ሞተሯ ከኋላ ነበር፤ ቮልስም እንዲሁ። ሞተር ከኋላ ከተቀመጠ የኋላ በር ከፍቶ ዕቃ መጫን ያስቸግራል። በ1959 እንግሊዝ ውስጥ አሌክ ኢሲጎኒስ ሚኒ የምትባለውን መኪና ሲሠራ ሞተሩን ከፊት አግድም አስቀመጠውና ለሰውና ለዕቃ የሚተርፈውን ቦታ ከፍ አደረገው። ካምቢዮውን ግን ከሞተሩ ሥር ስለደበቀው ሁለቱ በአንድ ዘይት ይሠሩ ነበር፤ ሲበላሽም ያስቸግር ነበር። በ1961 ፈረንሳይ ውስጥ ሬኖ 4 የኋላ በሯን ከጣራ ጀምራ ከፈተች። በ1964 ደግሞ ጣሊያናዊው ዳንቴ ጃኮሳ አውቶቢያንኪ ፕሪሙላ በምትባል መኪና ላይ ካምቢዮውን ከሞተሩ ጎን፣ ጫፍ ለጫፍ ገጠመው። ሞተር አግድም፣ ካምቢዮ ከጎኑ፣ ጉልበት ወደ ፊት ጎማ፣ በር ከኋላ። ዛሬ የምንነዳት ቪትዝ በሙሉ በዚህ አቀማመጥ የተሠራች ናት። ጃኮሳ ማን ነው? ሴይቼንቶን የሠራው ሰው ነው። የአዲስ አበባ የትናንት ታክሲና የዛሬ ቪትዝ ከአንድ ሰው ወረቀት ላይ መነሳታቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ወደ ጠረጴዛችን ልመለስ። የእህቴ ልጅ ሁለተኛ ጥርጣሬዋ ሁላችንም የምንሰማው ነው፦ «የዘንድሮ መኪና ቆርቆሮ ነው፤ ትንሽ ሲነካ ይጨማደዳል። የድሮው ብረት ነበር።» ባዶ የውኃ ፕላስቲክ አንስቼ ጠረጴዛው ላይ ጫን አደረግኩት። ተጨማደደ። እጄን አላመመኝም። ከዚያ ቡና መውቀጫውን በዚያው ልክ ጠረጴዛው ላይ ገጨሁት። መውቀጫው ምንም አልሆነም፤ ክንዴ ግን እስከ ትከሻዬ ነዘረኝ። የድሮው ብረት መኪና መውቀጫው ነው። መኪናው ደህና ይሆንና ንዝረቱን የሚበላው ውስጥ ያለው ሰው ነው።

የአዲሷ መኪና አፍንጫ ሆን ተብሎ እንዲጨማደድ ተሠርቷል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ በአንድ ፍጥነት የሚሄድ ሰው በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ከሚቆም በ60 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ ሰውነቱ ላይ የሚያርፈው ኃይል በአማካይ ወደ ስድስት እጅ ዝቅ ይላል። እነዚያን 50 ሳንቲ ሜትሮች የሚሰጠው የሚታጠፈው አፍንጫ ነው። ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ደግሞ በተቃራኒው ፈጽሞ መታጠፍ የለበትም። ስለዚህ በአንድ መኪና ውስጥ ለስላሳና ጠንካራ ብረት እያንዳንዱ በቦታው ይሰደራል። ይሄንን ስደራ የሚወስነው ፕላትፎርሙ ነው። መብራት በመለወጥ አይመጣም።

ምስክር ካስፈለገ ፊያት ፑንቶ አለች። ዩሮ ኤንካፕ የሚባለው የአውሮፓ የግጭት ፈታሽ ድርጅት በ2005 ሲፈትናት አምስት ኮከብ፣ ማለትም ሙሉ ውጤት አግኝታለች። በመሐል ፊቷና ስሟ እየታደሰ በገበያ ላይ ቆየች። በ2017 እንደገና ስትፈተን ዜሮ ኮከብ ሆነ። መኪናዋ አልተበላሸችም፤ ፈተናው ከብዶ፣ ሌሎቹ ቀድመው ሄደው፣ እሷ በ2005 አጥንቷ ቀርታ ነው። ያሪስ ግን በ2020 ከአዲሱ ወለሏ ጋር የዚያን ዓመት ከበድ ያለ ፈተና ከሁሉ ቀድማ ወስዳ አምስት ኮከብ አገኘች። ከጎን ስትገጭ ሾፌሩና አጠገቡ ያለው ሰው ጭንቅላት ለጭንቅላት እንዳይጋጩ፣ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል የሚነፋ ኤርባግ ነበራት።

ነዳጅን በተመለከተ በአጭሩ፦ የአራተኛዋ ሃይብሪድ በጃፓን የመለኪያ ፈተና በአንድ ሊትር እስከ 36 ኪሎ ሜትር ሄዳለች። ሞተሯ ባለ ሦስት ፒስተን 1.5 ሊትር ነው። በአዲስ አበባ ጭንቅንቅና ዳገት ያንን ቁጥር የሚጠብቅ አይኑር፤ መለኪያ ክፍል ውስጥ ዳገት የለም።

አሁን ወደ ገዢው ጉዳይ። መንግሥት በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ፣ አብዛኛው ሰው የሚገዛት ቪትዝ እዚሁ ያለችውንና ከእጅ ወደ እጅ የምትዘዋወረውን ነው። ስለዚህ የትኛዋ ትውልድ እንደሆነች ለይቶ ማወቅ ለገዢ ግዴታ ነው። ይሄን ደላላ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ሊብሬው ላይ ተጽፏል። የሻንሲ ቁጥሩን መጀመሪያ ተመልከቱ። ፊደሎቹ በተለይ የሞተሩን ቤተሰብ ሲናገሩ፣ ከፊደሎቹ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ትውልዱን ይናገራል። ኤስሲፒ10 ከሆነ የመጀመሪያዋ ባለ አንድ ሊትር፣ ባለ አራት ፒስተን ናት። ኬኤስፒ90 ሁለተኛዋ ናት፤ ሞተሩ አንድ ሊትር፣ ባለ ሦስት ፒስተን። ኬኤስፒ130 ወይም ኤንኤስፒ130 ሦስተኛዋ ናት። ኬኤስፒ210 የ2020ዋ ያሪስ ናት። ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ልትገዙ ሄዳችሁ «የቪትዝ» ስትሉ ሻጩ «የትኛዋ?» የሚላችሁ ለዚህ ነው፤ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ብረቱ ሦስት ዓይነት ነው። ስም ብቻውን አያስተማምንም፦ ከ2023 ጀምሮ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ቪትዝ ተብላ የምትሸጠው መኪና በመሠረቷ ሱዙኪ ሴሌሪዮ ናት።

ከሊብሬው ቀጥሎ ሁለት ነገር እንድታደርግ የእህቴን ልጅ ለመንኳት፤ አንባቢንም እለምናለሁ። አንደኛ፣ ቶዮታ በ2015 ታካታ የተባለ ኩባንያ የሠራው ኤርባጋቸው ሲፈነዳ ስብርባሪ ብረት ሊወረውር ይችላል ብሎ ለጥገና መልሶ የጠራቸው መኪኖች ውስጥ ከ2003 እስከ 2007 የተመረቱ ቪትዞች አሉበት። ሙቀትና እርጥበት ዕድሜ በጨመረ ቁጥር አደጋውን ያብሰዋል። የሻንሲ ቁጥሩን ይዛችሁ የአምራቹን ወኪል ጠይቁ፤ ይሄን ነገር ለነገ አታሳድሩ። ሁለተኛ፣ መኪናዋ ተገጭታ ባቲላሜራ ገብታ እንደሆነ እዩ። ኮፈኑን ክፈቱና ከሞተሩ ግራና ቀኝ ወደ ፊት የሚሄዱትን ሁለት ብረቶች ተመልከቱ፤ ከኋላ ምንጣፉን አንሡና ትርፍ ጎማው የሚቀመጥበትን ወለል ዳብሱት። የፋብሪካ ብየዳ እኩል እኩል የተራራቀ ክብ ነጥብ ነው። የተዝረከረከ ብየዳ፣ ወፍራም ስቱኮ፣ ያልተስተካከለ እጥፋት ካያችሁ፣ ያ እንዲጨማደድ ተሰልቶ የተሠራው ብረት ከዚያ በኋላ ስሌቱን አያውቅም። ፊቷ የቱንም ያህል አዲስ ቢሆን ተዉአት።

ማክሰኞ ማታ የሁለቱንም መኪኖች ሊብሬ ፎቶ ላከችልኝ። ሁለቱም ኤንኤስፒ130 ይላሉ። ቅዳሜ መካኒክ ይዛ ሄዳ ምንጣፍ አስነሣች። አፏ የሰፋው መኪና የኋላ ወለሏ ላይ እንደ ጉበት የተጠራቀመ ብየዳ ነበረባት። አፏ የጠበበችዋ ነጥቦቿ እንዳሉ ነበሩ። እሷኑ ገዛች፤ በተረፈው ብር አራት አዲስ ጎማ አስገባችና የፍሬን ሸራዎቿን በሙሉ አስቀየረች።